እናቴ ሳትመነኩስ ከሮማ ለመመለስ

ሮማ እንዴት ናት ትሉኛላችሁ። ገበያ ስወርድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ በሬ ጠምጄ እርፍ ጨብጬ እንኳ ሰው መንገድ አቋርጦ ይመጣና “ይሁኔ፣ እስቲ ስለዚያ አገር አጫውተን” ይለኛል። ስጀምርለት ደግሞ ሕንፃውን፣ ባቡሩንና ባሕሩን ብቻ ነው መስማት የሚፈልገው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ሁሉ አገር ሲያሳዩኝ ልቤ እዚሁ ነበር። እንዲያውም አንድ ከተማ በጨመሩልኝ ቁጥር የቀረኝን ቀን በጣቴ እቆጥር ነበር። ለምን እንደሆነ እንድታውቁት ከደጄ ከወጣሁበት ቀን ጀምሬ እስክመለስ ድረስ እንደ አካሄዴ እጽፈዋለሁ። ከዚህ ወዲያ ግን በሬ ጠምጄ ሳለሁ ማንም እንዳያስቆመኝ።

ከሰኔ ሚካኤል በፊት፤ ከቤት እስከ ቡሬ

ጣልያን አገራችን ከገባ ጥቂት ክረምት አልፎ ነበር። አንድ ቀን የቡሬው ጣልያን ሹም ጭቃ ሹማችንን አስጠርቶ “አንድ ጎልማሳ ምረጥ፤ ሮማ ሄዶ የወጣት አለቆች ትምህርት ይማራል፤ ከሊቢያና ከሱማሌ ከሚመጡት ጋር ይተዋወቃል፤ አገር ጎብኝቶ ይመለሳል” አለው። ጭቃ ሹሙም ልጆቹን አሰበና አንዱ ታሟል፣ አንዱ ሊያገባ ነው ብሎ እኔን ሰጠ። እኔ አባቴ የሞተብኝ፣ ለእናቴ አንድ ነኝ። ዳዊት ስለደገምሁ “ይህ የተማረ ነው” ተባለልኝ። ምስጋና እንዳይመስላችሁ።

ቤታችን ከወጀት ወደ ቡሬ ሲሄዱ፣ ከመንገዱ በስተግራ ካለው ቁልቁለት በታች ነው። ወጀት ያልኋት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሏት ናት። ወሬው ሲደርስ እናቴ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ሰው ሁሉ እቴ ጥሩ ይላታል። ቅንጥሷን ጨርሳ እጇን ታጥባ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

“ባሕር ላይ ወስደው የሚጥሉህ መሆኑን አገር ያውቃል” አለችኝ። “አትሂድ አልልህም፤ ብትቀር ቤቱን ያቃጥሉታል። ግን አንድ ነገር ስማኝ። እስከ መስቀል እጠብቅሃለሁ። መስቀል አልፎ ካልመጣህ ተዝካርህን አውጥቼ እመነኩሳለሁ። ማሳውን ለሚካኤል ሰጥቼ ጣና ገዳም እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ ብትመጣ እናት የለህም።”

“ኧረ እማ፣ ምን ማለትሽ ነው?”

“ያልሁትን ነው።”

እናቴን የማያውቅ ሰው ለማስፈራራት ያለችው ይመስለው ይሆናል። አንድ ዘመን ከጎረቤት ተጣልታ “ደጇን ብረግጥ” ብላ ማለች። ያች ጎረቤት ስትታመም መሐላዋን አላፈረሰችም፤ በጓሮ አጥር ሽንቁር አበጅታ በዚያ እየገባች ስትጠይቃት፣ ሾርባ ስታበላት ከረመች። ደጁን ግን እስከ ዛሬ አልረገጠችውም። እንዲህ ያለች ሴት እመነኩሳለሁ ካለች ትመነኩሳለች። ቆብ ያደረገች ሴት ደግሞ ለዓለም የሞተች ናት፤ ልጅ የላትም፣ ጎጆ የላትም። እኔም በልቤ፣ እማ፣ ልጅ እርም ሳይሆንብሽ እመለሳለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ስለያት አዲስ ማዕተብ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ፤ ጥቁር ክር፣ ጫፉ ላይ ቀይ ክር የተጠመጠመበት። የነፍስ አባቷ፣ የደብራችን መነኩሴ አባ ጥበቡ፣ በመስቀላቸው ባረኩኝ። በሬያችንን ቦራን ግንባሩን አክኬለት ወጣሁ። እናቴ አላለቀሰችም።

ከቡሬ እስከ ምጽዋ

ቡሬ ላይ ካሚዮን የሚሉት የጭነት መኪና ላይ አሳፈሩን። አጠገቤ የተቀመጠው ከደምበጫ የመጣ ሙጬ የሚባል፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ጎልማሳ ነው። እሱ ወዶ ነው የሄደ። “ወንድሜ፣ በነጻ ነው የሚያሳዩን! ምን ያስከፋሃል?” አለኝ ገና ሳንተዋወቅ። ስለ እናቴ ስነግረው ሳቀ፤ የጎረቤቷን አጥር ስነግረው ግን ሳቁን ተወ።

ዳንግላ ሳንደርስ ጭቃ ያዘንና ካሚዮኑን ስንገፋ ዋልን። የወጣት አለቆች ትምህርት የተጀመረው እዚያ ነው ብንል ይቀላል። በማግስቱ ማደሪያ አጥተን ስንንከራተት አንዲት ባልቴት በረት አጠገብ ገለባ አንጥፋ አሳደረችን። ጎንደርን በመስኮት አየናት። አስመራ ላይ ባሻ ተስፉ የሚባል አስተርጓሚ ተሰጠን፤ ጎልማሳ፣ ዝምተኛ፣ ጺሙን በየቀኑ የሚላጭ ሰው ነው። መንገዱ እንደኛ አገር ሴት መቀነት እየተጠማዘዘ ከአስመራ ቁልቁል ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ምጽዋ ሙቀቱ! እኛ አገር በበጋ እኩለ ቀን ጥላ ሥር ይተኛል፤ እዚያ ግን ጥላውም ይፈላል።

ባሕር ላይ፤ በሐዋርያት ጾም

መርከቡን ሳይ እንደ ኖኅ መርከብ ሁሉን ከነጓዙ የሚውጥ ነው አልሁ። ጾመ ሐዋርያት ስለነበር ሥጋውንም ወተቱንም ተውን። ሙጬ ደረቅ ዳቦና ሽንኩርት ለምኖ አመጣ፤ ግን የበላነውን ሁሉ ባሕሩ መልሶ ወሰደው። ወጥ ቤት የሚሠራ አንድ መርከበኛ ለሁለታችንም ሎሚ እየቆረጠ ይሰጠን ነበር። ቋንቋ አንተዋወቅም፤ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት እያሳየ ያስቀን ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ጉድ ፈላ። ደወል ተደወለ። መርከበኞች እየሮጡ መጥተው ደረታችን ላይ ወፍራም ነገር አሰሩብንና መርከቡ ጫፍ ላይ፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ አሰለፉን። እናቴ ያለችው ደረሰ! “ሙጬ፣ ሊጥሉን ነው” አልሁት። እሱ የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ የዚያን ቀን ግን ከንፈሩ ደረቀ።

“እንግዲህ ንስሐህን ተናገር፤ እኔም ለአንተ እናገራለሁ” አለኝ። ቄስ የለም፣ ምን እናድርግ? ሁለታችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርን። ድምፃችን ከፍ ከማለቱ የተነሣ መርከበኞቹ ዞረው አዩን። ባሻ ተስፉ ሮጦ መጣ።

“ምን ሆናችሁ?”

“ሊጥሉን አይደል? ለምን ትጠይቀናለህ?”

ባሻ ተስፉ ከተዋወቅን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። መርከብ ቢሰጥም እንዴት እንደሚንሳፈፉ ማስተማሪያ ነው፤ ያሰሩባችሁ አንሳፋፊ ነው አለን። እፎይ! ሙጬ ያን አንሳፋፊ ሳያወልቅ ተኛ። እኔም አላወለቅሁም።

ሮማ፤ ከሐምሌ ገብርኤል እስከ ፍልሰታ

ኔፕልስ ወርደን በባቡር ሮማ ገባን። ያሳረፉን ባዶ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። አልጋው ለስላሳ ከመሆኑ የተነሣ ጀርባዬ ታመመ፤ ፍራሹን ትቼ መሬት ላይ ተኛሁ። ጠዋት ሲመጡ ሁላችንም፣ ሱማሌዎቹም ሊቢያዎቹም፣ መሬት ላይ ነበርን። እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን። ቋንቋችን ባይገጥምም ጀርባችን አንድ ነበር።

ትምህርቱ ጠዋት ጠዋት ነው። አንድ ራሰ በራ መምህር መድረክ ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ ባሻ ተስፉ ዝቅ ባለ ድምፅ ይተረጉማል። “አለቃ የሚሆን ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ መታዘዝ ይወቅ” ይላል። ሙጬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “እኛ አገር እኮ አለቃ የሚኮነው ላለመታዘዝ ነው” አለ። ከሰዓት በኋላ ሰልፍ አለ፤ ክንድ ዘርግቶ መሄድ። ክንዴን ስዘረጋ አውራ ጎዳናው ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ፣ ሌላው ሰው ክንዱን ሲዘረጋ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ፤ ሰልፉ እስኪያልፍ ቀና አላለም። ወደድሁት።

አስቸጋሪው መብል ነበር። እነሱ ያረዱትን ሥጋ እንዴት እንበላለን? ሱማሌዎቹና ሊቢያዎቹ ደግሞ እስላሞች ናቸው፤ እነሱም አይበሉትም። ስለዚህ በአንድ ገበታ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም ባቄላና ዳቦ ይዘን ተቀመጥን። አገር ቤት ቢሆን ባቄላውም በየራሱ ገበታ ነበር። አንድ ሊቢያዊ ከባቄላው መካከል ትልቁን ትልቁን እየመረጠ ወደ እኔ ሳሕን ይገፋው ነበር፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ወጥ ቤቱን ሲኞራ ሮዛ፣ እንደኛ ወይዘሮ ሮዛ፣ የሚሏት አሮጊት ታስተዳድራለች። ወፍራም፣ ጮክ ብላ የምትናገር፣ ግንባሯን በመሐረብ የምታስር ሴት ናት። መጀመሪያ ሥጋውን ባለመብላታችን ተቆጣች። ፍልሰታ ገብቶ ወተቱንና እንቁላሉን ደግሞ ስንተው ባሻ ተስፉን ጠርታ “እነዚህ ልጆች ታመሙ?” አለች። ለእመቤታችን ዕርገት ነው የምንጾመው ብሎ ነገራት። አየችን። መሐረቧን ፈታ አሰረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ሽንብራ ሌላ ድስት ላይ ትሠራልን ጀመር። የሽሮ ያህል አይሆንም፤ ግን ለማንም ሳትሰጥ በገዛ እጇ ነበር የምትሠራው።

አንድ ቀን ባሻ ተስፉ “ልጇ በእናንተ አገር ነው፤ ደብረ ማርቆስ ወታደር ሆኖ ካሚዮን ይነዳል። ታውቁት እንደሆነ ጠይቅልኝ ትላለች” አለን። ምን እንበላት? ሙጬ “ካሚዮን ያለው ሁሉ በእኛ መንገድ ያልፋል፤ ሳናየው አንቀርም” አላት። ደስ አላት። እኔ ግን ደነገጥሁ። ልጇ የእኛን ሰው ሊገድል፣ የእኛም ሰው ልጇን ሊገድል የሚችልበት መንገድ ነው። እሷም ልጇ እስኪመለስ አንድ ነገር ለእመቤታችን ተስላ እንደሆነ ብዬ ጠየቅሁ። ጨው ትታለች። ልጇ እስኪመጣ ምንም በጨው አልበላም ብላ ተስላለች። የሠራችውን ወጥ ሁሉ ጨው ሳትቀምስ ለእኛ በግምት ነበር የምትጨምርልን፤ ለካ ለዚህ ነው አንዳንድ ቀን የሚመርረው!

ጉብኝት

ከሰዓት ነፃ በሆንን ጊዜ ያስጎበኙናል። የድሮ ነገሥታት የሠሩት ትልቅ ክብ ቤት አለ፤ ጣራ የለውም፣ ግማሹ ፈርሷል። ሙጬ አፉን ከፍቶ ይዞራል። እኔ ውስጥ ገብቼ ያሰብሁት ስንት የተዝካር ሰው ይይዛል የሚለውን ነው። ወንዛቸው ጢቤር ይሉታል፤ ክረምት ላይ ከሚሞላው ወንዛችን ከተምጫ አይበልጥም፤ ግን በድንጋይ ግድግዳ ስለታሠረ አያስፈራም።

አንድ ቀን ግን ልቤን የመታኝ ነገር አየሁ። አደባባይ ላይ ረጅም የተጠረበ ድንጋይ ቆሟል። ባሻ ተስፉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ይህ የአክሱም ነው፤ ቆራርጠው አምጥተው ነው የተከሉት” አለን። ሙጬ ሳቁ ቀረ። ከዚያ ሙጬ “ይህስ መቼ ይመለሳል?” አለ። እኔ እዚህ ተተክዬ ብቀርስ አልሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አቧራ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ትምህርቱ በፍልሰታ ማግስት ያልቃል፤ ወደ አገራችን እንሄዳለን ተብለን ነበር። ያን ቀን ራሰ በራው መምህር እየሳቀ መድረክ ላይ ወጣ። ስለ ጥሩ ጠባያችን ሌሎች ከተሞችን፣ ፍሎረንስን፣ ሚላኖን፣ ውሃ ላይ የተሠራችውንም ቬኒስን አይተን እንድንመለስ ተፈቅዶልናል አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ሙጬ ከመቀመጫው ዘለለ። እኔ ቁጭ እንዳልሁ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዞረን፣ መርከብ ጠብቀን፣ ባሕር ተሻግረን መስቀል እንዴት ይደረስበታል?

ወጥ ቤት ሄጄ ጥግ ላይ ተቀመጥሁ። ሲኞራ ሮዛ አይታ ባሻ ተስፉን ጠራችው። ሁሉንም ነገርኋት፤ መስቀልን፣ ተዝካሩን፣ ቆቡን፣ ጎረቤቲቱ ዘንድ በአጥር ሽንቁር የሚገባበትን ጭምር። አጥሩን ስትሰማ ጭኗን መታ አድርጋ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያው ዓይኗ ቀላ። ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች። ቢሮ ውስጥ የምትጮኸው እስከ ደጅ ይሰማ ነበር። ባሻ ተስፉ በሩ ላይ ቆሞ እየሰማ ይነግረኛል፦ “እናንተ እናት የላችሁም ወይ ትላለች... የእኔን ልጅ መልሱልኝ፣ ካልቻላችሁ የዚያችን መልሱ ትላለች...”

ስትወጣ ፊቷ ላይ ላብ ነበር። የትምህርቱ ሹም በሚቀጥለው መርከብ እንድሄድ ፈቀደ። እጇን ልስም ብል ጎትታ ጉንጬን ሳመችኝና፣ ጽጌረዳ የሚሸት ሳሙና በወረቀት ጠቅልላ ለእናትህ ብላ ሰጠችኝ።

ሙጬ ጣቢያው ድረስ ሸኘኝ። “እኔ ቬኒስን ሳላይ አልሄድም። ደምበጫ ስታልፍ ቤታችን ግባ፤ ሙጬ ድኖ አለ በል፣ ባሕር አልገባም በል” አለኝ። ተቃቅፈን ተለያየን።

ከጳጉሜ ሩፋኤል እስከ ጥቅምት

ምጽዋ ስደርስ ሩፋኤል ነበር፤ ደስ አለኝ፤ ጊዜ አለኝ አልሁ። አስመራ ላይ ግን የዳንግላ መንገድ በአርበኞች ተቆርጧል አሉኝ። ፈቃድ እየጠበቅሁ አዲሱን ዓመት እዚያው አሳለፍሁ። በኋላ በደሴ በኩል አዲስ አበባ በሚሄድ ካሚዮን ላይ ጫኑኝ። ሾፌሩ መልካም ጣልያን ነው፤ የሚበላውን ሁሉ ያካፍላል፤ ካሚዮኑ ግን አርጅቷል። በየዳገቱ ውሃ እንጨምርለታለን፣ እሱም በየቁልቁለቱ ያፈስሰዋል።

መስቀልን የት የዋልሁ ይመስላችኋል? አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ካሚዮን ሥር ተንጋልዬ መፍቻ እያቀበልሁ! ከሩቅ የደመራ ጭስ ይታየኛል። እናቴ አሁን ሰው ሁሉ ችቦውን ሲለኩስ ቆማ፣ አልመጣም ትላለች አልሁ። ሾፌሩ ፊቴን አይቶ ምን ሆንህ አለኝ በምልክት። “ማማ” አልሁት፤ ከዚህ በላይ ጣልያንኛ አልነበረኝም። መፍቻውን ከእጄ ወስዶ ውሃ ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲያ ተስፋዬ አንድ ነበር። ተዝካር ድግስ ይፈልጋል፤ ጠላ መጠመቅ አለበት፣ እህል መፈጨት አለበት። እናቴ ድግሱን ሳታሳምር አታወጣም። ምነው ጠላው ገና ባልፈላ እያልሁ አባይን ተሻገርሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ አጀብ እስኪገኝ አቆዩኝ። አጀቡ የተገኘው ጥቅምት ከገባ በኋላ ነው።

ደምበጫ

የሙጬን ቤት አጠያይቄ ገባሁ። አባቱ አያ ደሴ አጥር ያጥር ነበር። “ከሙጬ ጋር የሄድሁ ነኝ፤ ሙጬ ድኖ አለ” ስል የያዘውን እንጨት ጥሎ ሚስቱን ጠራ። እናቱ መጥታ “ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ድገመው” አለችኝ። ደገምሁት። “ባሕር አልጣሉትም?” “አልጣሉትም፤ ከተማ ሊያይ ብሎ ነው የቀረ።” መሬት ላይ ቁጭ ብላ እልል አለች፤ ከእልልታው መካከል “ከተማ! ይህ ልጅ እኮ ድሮም ዓይኑ አያርፍም” እያለች ትሳደባለች። የእናቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

አያ ደሴ ሮማ ላይ ያለበሱኝን የጣልያን ካኪ አየ። “ይህን ለብሰህ ተምጫን ብትሻገር አርበኞች ስምህንም አይጠይቁህ፤ ይተኩሱብሃል እንጂ” አለኝ። የራሱን ቁምጣና ጋቢ፣ ዱላም ሰጠኝ። ካኪውን ጎተራ ሥር ቀበረው። ሳሙናውን ብቻ በጋቢዬ ጫፍ ቋጠርሁት።

ከደምበጫ እስከ ቤት፤ በጥቅምት አቦ ማግስት

አንድ ሌሊት ጂጋ አጠገብ ሰው ቤት አድሬ፣ ወጀት ያለውን የጣልያን ምሽግ ለመሸሽ በዱሩ ዞርሁ። ጥቅምት ሆኖ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል፤ የጤፉ ሽታ ሲደርሰኝ ዓለም ተመለሰልኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ስሄድ ከቁጥቋጦው “ቁም!” የሚል ድምፅ መጣ። ጠመንጃ የያዙ አርበኞች ናቸው።

አለቃቸው ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወረደ፣ አያ ሞላ የሚሉት ሰው ነው። ፈተሹኝ። ሳሙናውን አገኙት። አያ ሞላ አሸተተውና ፊቱ ጠቆረ።

“ይህ የባንዳ ሽታ ነው። ከየት አመጣኸው?”

ምን ዋሽቼ ላመልጥ? “ከሮማ” አልሁ።

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አያ ሞላ ግን አልሳቀም። “እንዲህ ያለ ቀልድ ሌላ ጊዜ። የማን ልጅ ነህ?”

“የእቴ ጥሩ። ይሁኔ እባላለሁ። ጣልያን ወስዶኝ ነው።” ማዕተቤን ከጋቢው ውስጥ አውጥቼ አሳየሁት።

ሳቁ ቆመ። ተያዩ። አያ ሞላ “ወንድሜ፣ በሙት ስም አይቀለድም። የይሁኔ ተዝካር ዛሬ ነው። እኛም ወደዚያው እየሄድን ነው” አለኝ።

ክንዱን ያዝሁት። “እናቴስ? ቆቡን አድርጋለች?”

“ከቅዳሴ በኋላ አባ ጥበቡ ይላጯታል ሲሉ ሰምተናል። ይገርማል እኮ፤ ያች ሴት እስከ ዛሬ አንድ እንባ ጠብ አላደረገችም፤ ራሷንም ለሐዘን አልተላጨችም። በተዝካሩ ቀን አንድ ጊዜ እላጫለሁ ብላ...”

የቀረውን አልሰማሁም። ዱላዬን ጥዬ እግሬ አውጪኝ አልሁ። አያ ሞላም ከነሰዎቹ ተከተለኝ፤ ሊረዳኝ ይሁን ሊያይ እንጃ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲሮጥ ያየው ደጅ የተሰበሰበው ሕዝብ “ጣልያን መጣ!” ብሎ ተበተነ። ዳሱ ባዶ ቀረ። አጥሩ ላይ የቦራ ቆዳ ተዘርግቷል። ለእኔ ነፍስ ብለው አርደውታል።

ያልሸሹት ሁለት ብቻ ናቸው። እናቴ ደጁ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጭ ለብሳለች። ከበላይዋ አባ ጥበቡ ምላጭ ይዘው ቆመዋል። ግማሽ ራሷ ተላጭቷል፤ ግማሹ ፀጉሯ እንዳለ ነው። ነጠላው ላይ የተቆረጠው ሽበት ተበትኗል።

አባ ጥበቡ ሲያዩኝ ምላጩን ትተው መስቀላቸውን አነሡ። “በስመ አብ! ሰው ነህ ወይስ መንፈስ?”

“ሰው ነኝ አባቴ፤ ይፍቱኝ።”

እናቴ አልጮኸችም፤ ከተቀመጠችበትም አልተነሣችም። “ማዕተቡን አሳየኝ” አለች። ተንበርክኬ አንገቴን ሰጠኋት። ጫፉ ላይ ያለውን ቀይ ክር በጣቷ ዳሰሰችው። ከሰኔ ጀምሮ ያስቀረችው እንባ ያን ጊዜ ወረደ፤ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ፤ የሸሹት አንድ በአንድ እየተመለሱ ከእኛ ጋር አለቀሱ። በስተኋላ አገጬን ቀና አድርጋ “ዘገየህ” አለችኝ።

አባ ጥበቡ ግን ጨንቋቸዋል። “ልጄ ጥሩ፣ ደስታሽ ደስታዬ ነው። ነገር ግን መስቀል ካለፈ እመነኩሳለሁ ብለሽ በፊቴ ቃል ሰጥተሻል። መስቀልም ካለፈ ሰነበተ። ይህን ቃል ምን እናድርገው?”

የአጥር ሽንቁር የምታበጅ እናት ልጅ ነኝና ዓይኗን ተከተልሁ፤ ወደ ቤታችን በር ዞረች። በሩ ጎን የመስቀል ችቦ ቆሟል። ያገር ችቦ ሁሉ የደመራ ዕለት ሲነድ የእኛው እንደታሠረ፣ አደይ አበባው ጫፉ ላይ ደርቆ ቀርቷል። በኋላ እንደነገሩኝ ለምን አልለኮስሽውም ሲሏት “ረስቼው ነው” ትል ነበር።

“አባቴ፣ በሌላው ቤት አልፎ ይሆናል” አለች እናቴ። “በእኔ ቤት ግን መስቀል ገና አልገባም። ችቦዬ ያውና።”

አባ ጥበቡ ችቦውን አዩት። እናቴን አዩዋት። ጺማቸው ውስጥ ሳቁ። “አያ ሞላ፣ እሳት አምጣ” አሉ።

በጠራራ ፀሐይ፣ በጥቅምት፣ ችቦው ተለኮሰ። አርበኞቹ እየዞሩ ኢዮሃ አበባዬ አሉ፤ ለፍትሐት የመጡ ቄሶች አብረው አጨበጨቡ። ለሙት የተጠመቀው ጠላ ለመስቀል ተቀዳ። አያ ሞላ ሳሙናውን መለሰልኝ። እናቴ አሸተተችው፤ ከማን ነው አለች። ልጇ እስኪመለስ ጨው የተወች ሴት ናት አልኋት። ሳሙናውን ነጠላዋ ውስጥ ቋጠረችና “ስሟን ንገረኝ፤ በጸሎት አነሣታለሁ” አለች።

ገበታ ቀርቦ ቦራን ስንበላ አባ ጥበቡ ምላጩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። “ጥሩ፣ ይህን ግማሽ ራስሽንስ ምን ላድርገው? ልጨርሰው ወይስ ልተወው?”

እናቴ ነጠላዋን ከተላጨው በኩል ሳበችና ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ ገፋችው።

“ይተዉት አባቴ” አለች። “ይበቅላል።”